ጫማ የሚወለቅበት ቤት

ጥር 22

ዛሬ ቢሮ ገብቼ ምንም አልሠራሁም። የተማሪ ፋይል ከዚህ መደርደሪያ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ… ልቤ የሺወርቅ ቤት ነው የቀረው።

ትናንት የማርያም ማኅበራችን በሷ ተራ ነበር። አሥራ ሁለት ነን፤ በየወሩ በ21 አንዳችን ቤት ጽዋ እንጠጣለን፣ ተራ በዓመት አንዴ ይደርሳል። የሺወርቅ መድኃኒት ቤቷ ከቀናላት ወዲህ ቤቷን በየዓመቱ እየገለበጠች ነው። የዘንድሮው ደግሞ… ጣሪያው! ጂፕሰም ነው አለች። እንደ ሠርግ ኬክ ድርብርብ፣ መሐሉ ላይ ትልቅ አበባ፣ ዳር ዳሩን ሰማያዊ መብራት። ሰው ሁሉ አንገቱን ቀልብሶ ሲያይ ዋለ። የማኅበሩ ሙሴ ጋሼ ዋሴ እንኳ ጸሎት እያደረሱ ሁለት ጊዜ ቀና ሲሉ አይቻቸዋለሁ።

ስወጣ ታዲያ፣ "ጤናዬ፣ ያንቺ ተራ ሰኔ አይደል?" አለችኝ። ሰኔ መሆኑን ታውቃለች። ለምን ጠየቀችኝ?

የአምናውን መጻፍ አልፈልግም ነበር። ልጻፈውና ይውጣልኝ። እናቴ ሞታ በእግሯ ተተክቼ የመጀመሪያ ተራዬ ነበር። የማዳበሪያው ኮርኒስ አርጅቶ ተንዘላዝሏል። ጋሼ ዋሴ ዳቦውን ሊባርኩ ቢላዋ አነሡ። ከላይ የአይጥ ኩስ… ዳቦው ላይ ጠብ ጠብ። የሺወርቅ፣ "ከላይ የወረደ በረከት!" ብላ ሳቀች። ቤቱ ሁሉ ሳቀ። መሬት ብትሰነጠቅልኝ ምን ነበረበት? እማማ ወርቄ ብቻ፣ የእናቴ ባልንጀራ፣ በመዳፋቸው ጠረግ አድርገው፣ "ምን አለበት፣ አይጧም የእግዜር ፍጥረት ናት" ብለው መጀመሪያ ቆረሱ። ከሳቸው በኋላ ነው ሌላው የበላው።

እናቴ አጸደ ልትሞት ስትል "ማኅበሬን አደራ" ነው ያለችኝ። ቤቱን አላለች፣ ወንድምሽን አላለች። ማኅበሬን። እኔ ደግሞ ማኅበርተኛዋን በአይጥ ኩስ ተቀበልሁላት።

ዘንድሮ አይደገምም። ከማን አንሼ!

ጥር 26

ሃና ከጎንደር ሃያ ፎቶ ላከችልኝ። ዩኒቨርሲቲ የላክኋት ልትማር ነው ብዬ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ ቲክቶክ ላይ የሰው ቤት ስታይ ነው የምትውለው። ለነገሩ ዛሬ ጠቀመችኝ። ጂፕሰም፣ ኤል ሼፕ ሶፋ፣ ነጭ ሴራሚክ። "ነጭ ነው አሁን የሚሄደው እማ፣ ቤቱን ያሰፋዋል" አለች።

ገዱ ስልኩን እንደ ሐኪም ወረቀት አርቆ ይዞ አየው። ባሌ ነገር አያበዛም። ከደባርቅ ጎንደር ሚኒባስ ሲነዳ ውሎ ወሬ ጠግቦ ነው የሚገባ።

"ይሄ… ሰው ይኖርበታል?" አለ።

ለሱ ምን ይባላል!

የካቲት 4

ተጣላን። "ኮርኒሱን በኮምፔንሳቶ አስመትተን ጣጣው ይለቅ። አይጧ ናት ያስቸገረችሽ፣ ቤቱ ምን አደረገሽ?" ይለኛል። የሺወርቅ ስትስቅ አንተ ነበርህ እዚያ? አልሁት። እሱም፣ "የቆጡን አወርድ ብላ…" ብሎ ጀመረ። ጨርሰው እስቲ! አልሁት። ካፖርቱን ለብሶ ወጣ።

እኔ ለራሴ ብዬ ነው እንዴ? ለእናቴ ስም ነው።

የካቲት 19

እቁቡ ወጣልኝ። የማርያም ሥራ ነው።

መጋቢት 9

ጂፕሰም ሠሪው መጣ። ቢራራ ይባላል፣ የጎንደር ልጅ። ገና እንደገባ ግድግዳውን በጣቱ መታ መታ አደረገና፣ "እትዬ፣ ይሄ ጭቃ ነው" አለኝ።

"ጭቃ መሆኑን አጥቼው ነው?"

"አይ… ጭቃ በክረምት ይተነፍሳል። የናንተ ደባርቅ ደግሞ ጉሙ ቤት ድረስ ነው የሚገባ። ጂፕሰም እርጥበት አይወድም። ጣሪያው ብቻ ይሠራ፣ ግድግዳው ይቅር።"

ሥራ የማይፈልግ ሠራተኛ አይቼ አላውቅም። "አንተ እንደታዘዝኸው ሥራ" አልሁት። ራሱን ነቀነቀና ሜትሩን አወጣ።

መጋቢት 11

መደቡ ፈረሰ። ከዳር እስከ ዳር ግድግዳውን ይዞ የነበረው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ጎን ለጎን የሚቀመጥበት። እናቴ ጭቃውን በጭድና በእበት አቡክታ በእጇ የሠራችው ነው። ቢራራ ግማሽ ቀን በዶማ ፈጀበት። ላቡን እየጠረገ፣ "ማነው የሠራው? ሲሚንቶ አለበት እንዴ?" ይለኛል።

አፈሩን ጓሮ ደፋነው። ሶፋው የት ይቀመጥ ታዲያ? አይ… ትክክል ነኝ። ትክክል ነኝ።

መጋቢት 17

መንገድ ተዘጋ። ጂፕሰሙ አምባ ጊዮርጊስ ከእህል ጆንያ ጋር ተደርድሮ ቀርቷል። ገዱም እዚያው ሦስት ቀኑ። ሲደውልልኝ "ጂፕሰሙ ዝናብ አልነካውም?" አልሁት። "አልነካውም። እኔም ደህና ነኝ" አለኝ።

አፈርሁ። ግን ማፈሬን አልነገርሁትም።

ሚያዝያ 3

አለቀ! ወለሉ ላይ ተንጋልዬ አየሁት። አበባው በስድስት ቅጠል… የየሺወርቅ አምስት ነው። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ብቻ መብራት ስለሌለ ሰማያዊውን አላየሁትም። ኃይል ይመጣል።

ሚያዝያ 14

ሃና ለፋሲካ መጥታለች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ቀና ብላ አየች።

"ያምራል እማ። ብቻ አበባው ትንሽ… አልፎበታል።"

"ምን ማለት ነው አልፎበታል?"

"አሁን ሲምፕል ነው። ሚኒማል። አበባ ምናምን ሰው እየተወው ነው።"

"ጥር ላይ አንቺው አይደለሽ የላክሽልኝ?"

"ጥር እኮ ቆየ እማ!"

ጥር ቆየ። ሦስት ወር። የኔ እናት አርባ ዓመት ባንድ መደብ ኖራ ሞተች።

ግንቦት 6

ሴራሚኩን ጎንደር ሄጄ ገዛሁ። ሻጩ "ቤቱ የት ነው?" አለኝ። ደባርቅ። "ደባርቅ ላይ ነጭ?" ብሎ ጓደኛውን አየው። ግራጫ አሳየኝ፣ ቡናማ አሳየኝ። ነጭ አልሁህ! አልሁት። ሁሉም አዋቂ ሆነብኝ። ማን ጠየቀህ?

ግንቦት 20

የሺወርቅ "ወንፊት ልዋስ" ብላ መጣች። ቤቷ ሦስት ወንፊት አላት። ገባች፣ ዞረች፣ ሶፋውን በጣቷ ነካች። ቀና አለች።

"ውይ፣ አንቺም ጂፕሰም አሠራሽ? እኔ ላስነሣው ነው። ሆቴል አስመሰለብኝ። አሁን ሰው ሁሉ እያፈረሰው ነው እኮ።"

ወንፊቱን ይዛ ሄደች። አንቺ አይደለሽ እንዴ ያስጀመርሽኝ? ወዲያው ለቢራራ ደወልሁ። መጥቶ አበባውን ነቀለልኝ። ሲነቅለው የአቧራው ብዛት! ቦታው ላይ እንደ ጠባሳ ክብ ነገር ቀረ። ሁለት ጊዜ ቀባው፣ አሁንም ይታያል። ከሥሩ አምፖል ሰቀልሁበት።

አንድ ወር ቀረኝ።

ሰኔ 9

ክረምቱ ገባ። ገዱ ከትናንት ወዲያ ከመናኸሪያ በዝናብ መጥቶ ዘው አለ… ከበር እስከ ሶፋ ስምንት የጭቃ ዳና። እንደ ሌባ ጮህሁበት። ቆሞ አየኝ። እግሩን አየ። ወደ ኋላ እየረገጠ ወጣ፣ በገዛ ዳናው ላይ እየረገጠ፣ እንዳይጨምርብኝ።

ይኸው ሦስተኛ ቀኑ፣ በጓሮ በር እየገባ ወጥ ቤት ነው የሚበላ። ግባ አልሁት። "እዚህ ይሻለኛል፣ ይሞቃል" አለ።

ሰኔ 14

እንዴት ነው ሰው የማስገባው? ዝናቡ አላቆመም። ከበሬ ውጪ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ነው። አሥራ አንድ ሰው፣ ሃያ ሁለት እግር። ወለሉ አምስት ደቂቃ አይቆይም።

ሃና መላውን ነገረችኝ። "አዲስ አበባ ሁሉም ጫማ አስወልቆ ነው የሚያስገባ። ሸበጥ ደርድሪ በቃ።" ከገበያ አሥራ አንድ ሸበጥ ገዛሁ። "እባክዎ ጫማዎን ያውልቁ" ብዬ በማርከር ጻፍሁ፣ በሩ ላይ ለጠፍሁት።

ገዱ ቆሞ አነበበው። "ማኅበርተኛውን ጫማ ልታስወልቂ?"

"ምን አለበት?"

"እናትሽ የሰው እግር ታጥብ ነበር።"

እውነቱን ነው። ታጥብ ነበር። በተራዋ ቀን ውሃ ታሞቃለች፣ የመጣ ሁሉ ጭቃውን ታጥቦ መደብ ላይ ይወጣል። ውሃውን የማቀርበው እኔ ነበርሁ። እማማ ወርቄን ግን ከሁሉ በኋላ፣ ጓዳ አስገብታ፣ በር ዘግታ። አንድ እግራቸው ዝሆኔ ይዞት እስከ ጉልበታቸው አብጧል። ለሰው አያሳዩትም፣ በጋ ክረምት ቦቲ ነው የሚያደርጉ። ያንን እግር ከእናቴና ከኔ በቀር ያየው የለም። እናቴ ስታጥባቸው ታወራቸዋለች፣ ስለ በግ፣ ስለ ገብስ፣ እግራቸውን እንደማታየው ሆና።

ለገዱ "ያ ድሮ ነው" አልሁት።

እማማ ወርቄን ግን አስቤባቸዋለሁ። በጓሮ በር አስገባቸዋለሁ። ቦቲያቸውን እንዳደረጉ ጓዳ በር ላይ ወንበር… ማንም አያይም። ረስቼ አይደለም።

ሰኔ 20

ጠላው ደርሷል። ዳቦው ተጋግሯል። ወለሉን አራት ጊዜ ወለወልሁት፣ ፊቴ ይታይበታል። የሶፋውን ላስቲክ ላንሳው? ይቆይ። ነገ ነው። እናቴ፣ እይልኝ።

ሰኔ 22

ትናንት አልጻፍሁም።

ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ ነበር። ሰው መጣ። በረንዳው ላይ ቆመው ወረቀቱን አዩ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ማውለቅ ጀመሩ። ቀዳዳ ካልሲ… የተሰነጠቀ ተረከዝ… አንዷ ካልሲዋን ከሸበጡ ሥር ልትደብቅ ስትታገል። ስንት ወር ለፍቼበት ማንም ጣሪያውን ቀና ብሎ አላየም። ሁሉም እግር እግሩን ነው የሚያየው።

ጋሼ ዋሴ ግድግዳ ተደግፈው ጫማቸውን ሲፈቱ፣ "ጫማ ተወልቆ የሚገባበት ቤት እስከ ዛሬ አንድ ብቻ ነበር የማውቅ" አሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ነው። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እማማ ወርቄ ሁሉም ከተቀመጠ በኋላ ደረሱ። ከከተማው ወዲያ፣ አንድ ሰዓት በእግር፣ ላስቲክ ተከናንበው፣ ምርኩዝ ይዘው። በሩ ወለል ብሎ ክፍት ነው። አሥሩም ሶፋ ላይ ሆነው በቀጥታ ያዩዋቸዋል። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜአለሁ። ጓሮ በር ድራሹ ከሐሳቤ ጠፍቷል። ለአሥር ሰው ሸበጥ ሳቀብል ቆይቼ እጄ ለምዶት… ለሳቸውም ዘረጋሁላቸው።

አሥራ አንደኛውን ሸበጥ።

አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ። ዓይኔን ነው ያዩት፣ ሌላ ነገር አይደለም።

የሺወርቅ ከውስጥ፣ "እማማ፣ ያውልቁት እንጂ፣ ወለሉ እንዳይቆሽሽ ነው!" አለች። እሷ አታውቅም። እኔ ነኝ የማውቅ። "እሳቸው እንዲሁ ይግቡ" ማለት ነበረብኝ። ሦስት ቃል ነው። እዚህ ስጽፈው እንኳ ሦስት ቃል ነው። አልወጣኝም።

"ልጄ፣ በጎቼን ዝናብ ላይ ትቻቸው ነው የመጣሁ። ሳስበው ሆዴ አልቆረጠም፣ ልመለስ" አሉ እማማ ወርቄ።

በግ የላቸውም። አምና ለሕክምና ሸጠዋቸዋል። ያንን አውቃለሁ፣ እንደማውቅም ያውቃሉ።

"ጽዋውን እንኳ ሳይቀምሱ…" አልሁ።

"ማርያም ታውቀኛለች" አሉና ወረዱ።

ይህን ደብተር ከኔ ሌላ የሚያነበው የለም፣ ስለዚህ ልጻፈው። ከኋላቸው ሳይ ቦቲያቸው እስከ ቅልጥማቸው ጭቃ ነው። ወለሉን አየሁ። ሆዴ "እንኳን አልገቡ" አለ። እንኳን! እኔ ነኝ እንዲህ ያልሁት፣ የአጸደ ልጅ፣ ማኅበር አደራ የተሰጣት።

ከዚያ በኋላማ ምን ማኅበር ነው! በሶፋው ጫፍ ጫፍ ተቀምጠው፣ ላስቲኩ በተነቃነቁ ቁጥር እየጮኸ፣ ብርጭቋቸውን በሁለት እጅ ጨብጠው። የጨዋታ ዘር የለም። መዝሙሩ እንኳ አልተዘመረም። በጊዜ ተነሡ። "ቤትሽ አምሯል… አምሯል" እያሉ ጫማቸውን ፈልገው ሄዱ።

ወለሉ ላይ አንዲት ጠብታ የለችም።

ሰኔ 24

በማኅበራችን ደንብ ለቀረ ሰው የዳቦ ድርሻው ይላክለታል። የእማማ ወርቄ ቁራሽ መሶብ ውስጥ እየደረቀ ነው። ገዱን "መንገድህ ላይ አድርስልኝ" አልሁት።

"እኔ አይደለሁም የማስወለቅ" አለኝ። "አንቺው ውሰጂ።"

አልወሰድሁም።

ሐምሌ 3

ግድግዳው ቡጉር አወጣ። ሲነኩት ልፍስፍስ ይላል። ከሶፋው በስተኋላ የሰሐን ያህል ጂፕሰም ረገፈ፣ ከሥሩ የእናቴ ምርጊት ወጣ፣ ደረቅ፣ ደህና። ለቢራራ ሦስት ጊዜ ደወልሁ፣ አያነሣም። ቢያነሣስ ምን ሊለኝ ነው? ነግሬሽ ነበር ነው የሚለኝ።

ሐምሌ 22

ትናንት ተራው የዘቢደር ነበር። ያው ድሮ የማውቀው የጭቃ ቤት፣ መሬቱ ላይ ሣር ተጎዝጉዞ። በሯ ላይ ቆማ፣ "ግቡ ግቡ! እዚህ ቤት ጭቃ አይከለከልም!" ትላለች። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ጥርሴን ነው የሳቅሁት።

ዘፈን ሊመስል እስኪደርስ ተዘመረ። ጋሼ ዋሴ ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

እማማ ወርቄ አልመጡም። "ታመው ነው?" አለ አንድ ሰው። ማንም ወደ እኔ አላየም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

በሠላሳ ዓመት አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም።

ነሐሴ 4

ሄድሁ። አዲስ ዳቦ ጋግሬ። ጉሙ አሥር እርምጃ አያሳይም፣ ሁለት ጊዜ ጭቃ ላይ ተቀመጥሁ። ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነኝ። ከደጅ ሆኜ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ስል፣ "ምን ታደርጊያለሽ? ግቢ እንጂ!" አሉ ከውስጥ።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"ምን አደረግሽኝ ልጄ?"

"ሰኔ ላይ… ያ ሸበጥ…"

"ኧረ እሱን ረስቸዋለሁ። ቤትሽ አማረ አሉኝ። እሰይ፣ እሰይ። እኔ እኮ እናትሽ ቤት የምሄድ መስሎኝ ነው እንጂ…"

እንጂ ምን? አልጨረሱትም። የልጅ ልጃቸውን ሞቅ ያለ ውሃ አስመጧት። ምርኩዛቸውን ይዘው ዝቅ አሉ፣ እግሬን ያዙ።

"በማርያም እማማ! ተዉኝ!"

"በማርያም አትበይኝ፣ ጭቃ ነው፣ ይታጠባል።"

አጠቡኝ። እያጠቡኝ ያወራሉ፣ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት እንዳማረ፣ ውርጭ እንዳይመታው… እኔ አለቅሳለሁ። እንባዬን እንደማያዩት ሆኑ። ከእናቴ የለመዱት ይሆን ወይስ እናቴ ከሳቸው?

ስወጣ "ለነሐሴ ይመጣሉ አይደል?" አልሁ። "እግሬ አልታዘዝ ብሎኛል" አሉ። እስከ ዛሬ ስለ እግራቸው ለኔ ተናግረው አያውቁም ነበር።

ነሐሴ 22

ትናንት ጽዋው ሊነሣ ሲል ጋሼ ዋሴ "አንድ ነገር አለኝ" አሉ።

"ከመስከረም ጀምሮ ማኅበሩ በየቤቱ መዞሩ ይቅር። ደጀ ሰላም እንጠጣ። ጠላውን ተረኛው ያምጣ፣ ጣሪያው የማርያም ነው። ሰው ቤቱን እየፈራ መጣ። ያላጌጠው ያፍራል፣ ያጌጠው ይሳሳል። እማማ ወርቄም ደጀ ሰላም ከሆነ እመጣለሁ ብለዋል።"

"ሲያጌጡ ይመላለጡ" አለች ዘቢደር ቀስ ብላ።

ስሜን ማንም አላነሣም። "እስማማለሁ" "እስማማለሁ" እያለ ዞረ። የኔ ተራ ደረሰ። እስማማለሁ አልሁ።

እናቴ የገባችው ማኅበር ከቤት ወጣ። በኔ ዘመን። በኔ እጅ።

ነሐሴ 28

የሺወርቅ ገበያ መሐል ያዘችኝ። "ባንቺ የተነሣ!" ትላለች፣ በርበሬ ሻጯ እየሰማች። "ሶፋ ቀይሬ፣ ግድግዳ አስለብሼ፣ ለጥር ብዬ… አሁን ማን ሊያየው ነው?"

ማን ሊያየው። እኔም ከጥር ጀምሮ የምለው ይህንኑ አልነበረም? ለእናቴ ስም ስል ከረምሁ እንጂ። ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን የተናገረች እሷ ሆነች፣ ያውም በገበያ መሐል።

መስከረም 8

ሃና ደወለች። ድምፅዋ ሊዘል ነው የደረሰ።

"እማ፣ ጉድ ልንገርሽ! አሁን የድሮ ነገር ተመልሶ መጣ እኮ። ሎጁ ሁሉ፣ አዲስ አበባ ካፌው ሁሉ መደብ እያሠራ ነው! የጭቃ ግድግዳ፣ ጭዱ እየታየ! ምነው የአያቴን መደብ ባላፈረስሽው ኖሮ፣ እንዴት…"

ዘጋሁባት። መልሳ ስትደውል አላነሣሁም።

ገዱ ከወጥ ቤት "ማነው?" አለ። የተሳሳተ ቁጥር ነው አልሁት።

መስከረም 22

ትናንት የመጀመሪያው የደጀ ሰላም ማኅበር ነበር። ሁሉም ሰው ጫማውን እንዳደረገ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ። ፀሐይ ወጥቶ ነበር። እማማ ወርቄ መጡ፣ በቦቲያቸው። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ተቀበላቸው። እኔም ተነሣሁ። ግንባሬን ሳሙኝ፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

እንደ ማንኛውም ሰው። ድሮ "የአጸደ ልጅ" ብለው ነበር የሚስሙኝ።

ቀጂዋ ታማ ስለቀረች ማሰሮውን እኔ ያዝሁ። ዘቢደር ዳቦ ስታቀርብላቸው፣ "እጅሽን ይባርከው፣ ቤትሽን ይሙላው" አሏት። ለየሺወርቅም እንዲሁ አሉ። ለሁሉም ነው የሚሉ፣ ልማዳቸው ነው፣ በልጅነቴ ስንቴ ሰምቸዋለሁ። የኔ ተራ ደረሰ። ቀዳሁላቸው፣ በሁለት እጄ ጽዋውን ሰጠኋቸው።

"እናትሽን ነፍስ ይማር" አሉ።

አሜን አልሁ። ማሰሮውን ታቅፌ ቆምሁ። የቀረው ይመጣል ብዬ። እጄን… ወይም ቤቴን…

እሳቸው ጠጡ። አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ባዶውን ጽዋ መለሱልኝ።